የባሮ ገበያና የብስኩት ቆርቆሮዬ

የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ከፍታ በጀልባ ላይ የሚቆም ገበያ ስታይ አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቦታው ቬትናም ነው። ሜኮንግ የሚባለው ትልቅ ወንዝ ባሕር ከመግባቱ በፊት እንደ እጅ ጣት በሚከፋፈልበት ዴልታ፣ ካን ቶ በምትባል ከተማ አጠገብ ያለ ካይ ራንግ የሚሉት ገበያ። ጀልባው ሁሉ ሱቅ ነው። ነጋዴው አናናስ ከሆነ የሚሸጠው አናናስ፣ ዱባ ከሆነ ዱባ፣ ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ጀልባው ላይ ያቆመዋል። ገዢ ከሩቅ አይቶ ወደፈለገው ይቀዝፋል። ደላላ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ወደድኩት።

“እማማ፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ ገበያ አለ?” አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት አባቷ ከጓዳ ብቅ አለና “የአያትሽ ገበያ አለ አይደል እንዴ?” አላት። እኔን የሚል መስሎኝ ዞር አልኩ። እኔን አልነበረም። “የጋምቤላዋን አያትሽን ነው። ባሮ ላይ ግን ገበያው አይንሳፈፍም፤ ሻጮቹ ናቸው ተንሳፍፈው የሚመጡት” ብሎ ሳቀ።

አማቼ አኙዋክ ነው። ልጄን ያገባት ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ የልጅ ልጄ ፊደል ቆጥራለች፣ ይህችን ጋዜጣም እያነሳች ታነባለች። ጥሩ ነገር እንዳልተናገርኩ ማወቁ ይበቃችኋል። ሠርጉ ላይ የክብር ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ አላለቀስኩም፣ አልሳቅኩም። ያልተፈለገ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ታመመ። ሌሊት ተነስቶ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው፣ አቅፎ መኪና ውስጥ የሚያስገባው፣ በመጨረሻም ሬሳውን ካጠቡት አንዱ ይኸው አማቼ ነበር። እሱን ከወደድኩት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወገኖቹን ግን አንድ ቀን ሄጄ አላየሁም። ይህን ሁለቱን ለያይቼ እንዴት እንደኖርኩ ለራሴም አይገባኝም።

በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ስለ መልኳ አንድ ቃል ብሏት ነበር። ቃሉን አልደግመውም፤ ወላጆች ከሆናችሁ የትኛው እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እቅፍ አድርጌ ላባብላት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ስለ ቃሉ አልጠየቀችኝም። “እማማ፣ የጋምቤላዋን አያቴን ለምን አታውቂያቸውም?” ነው ያለችኝ።

ለሴሚስተር ዕረፍት እንሂድ አልኩ። ልጄ ከሥራዋ ፈቃድ አላገኘችም፤ አማቼ ለሁለት ሳምንት እየደወለ መንገዱንም ከተማውንም፣ ሰላሙንም አጠያየቀ። ትኬት ከቆረጥን በኋላ ሻንጣ ስናዘጋጅ፣ እንደ ቀላል ነገር “እናቴ ስለ ዲሙዩ ሊጠይቁዎት ይችላሉ” አለኝ።

“ስለ ምኑ?”

“ስለ ሰማያዊው ጨሌ።”

ደሜ ቀዘቀዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽምግልናው ጊዜ ከጋምቤላ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች በጨርቅ የተቋጠረ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘው ለባለቤቴ ሰጡት። ሲፈታ ሰማያዊ ጨሌ ነው። አሮጌ፣ አንዳንዱ ጠርዙ የተሸረፈ፣ በክር የተሰካ። እኛ ወገን የተቀመጡት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጨሌ እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የዛርና የቆሌ ዕቃ ነው፣ ክርስቲያን ቤት አይገባም ተብለን ነው ያደግነው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጠበል ረጨሁበት። ለመጣልም ፈራሁ። የልብስ ቁልፍ በማስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኩትና ክዳኑን ገጠምኩ።

ዓመታት ሲያልፉ ክሩ ተበጠሰ፣ ጨሌው ከቁልፉ ጋር ተደባለቀ። የልጅ ልጄ መዳህ ስትጀምር ያን ቆርቆሮ ወለል ላይ መገልበጥ የምትወደው ጨዋታ ሆነ። አራት ዓመት ሲሆናት ለአሻንጉሊቷ ሐብል ካልሠራሽልኝ አለች። እኔው ነኝ መርፌ ይዤ የሰካሁላት። የዚያም ክር ተበጠሰ። በመጥረጊያ ምን ያህሉ እንደወጣ እግዜር ይወቀው። ያን ቀን ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ቆርቆሮውን አልጋዬ ላይ ገልብጬ ለየሁት። ዐሥራ ዘጠኝ ፍሬ ተገኘ። መጀመሪያ ስንት እንደነበር ቆጥሬ አላውቅም፤ ግን አንገት የሚዞር ነበር።

ለአማቼ ምንም አላልኩትም። ጋምቤላ ገበያ ይኖራል፣ ተመሳሳዩን ገዝቼ እሞላዋለሁ ብዬ በልቤ ቆረጥኩ። መርካቶ ለአርባ ዓመት የተመላለሰች ሴት ጨሌ መግዛት ያቅታታል?

ጋምቤላ ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአውሮፕላኑ በር ስወጣ ምድጃ የተከፈተብኝ መሰለኝ። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለብሰን ደርበን የምንኖር ሰዎች፣ እዚያ 500 ሜትር ገደማ ላይ ወረድን፤ የካቲት ደግሞ የሙቀቱ ወር ነው። ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የልጅ ልጄ ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ እንደ ቤቷ ሆነች፤ አባቷን የሚመስል ሰው በየመንገዱ እያየች “አባዬ፣ ያ ዘመዳችን ነው?” ትላለች። ከሦስቱ አንዱ ዘመድ ሆኖ ይገኛል።

አመሻሽ ላይ ባሮ ድልድይ ላይ ቆምን። ባሮን አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የሚወርዱት ቢርቢርና ገባ ተገናኝተው የሚፈጥሩት ወንዝ ነው። በጋ ስለሆነ ውኃው ዝቅ ብሎ ነጭ አሸዋው ወጥቷል፤ ልጆች ይዋኛሉ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ባጃጅ የሚያጥብም አለ። አማቼ ከዚህ ወንዝ ብዙ አልናገርም የሚል ሰው ነበር፤ ያን ማታ ግን አፉ ተፈታ።

“እማማ፣ እርስዎ ወደብ የለንም ሲባል ሲሰሙ ይበሳጫሉ። ወደብ እኮ እዚህ ነበር” አለኝ። በ1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲከፍቱ ፈቀዱላቸው። ከዚያ ክረምት በገባና ወንዙ በሞላ ቁጥር ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ ይመጣ ነበር። ከዚህ ወደ ካርቱም ወንዙን ተከትሎ ለመውረድ ሰባት ቀን፣ ከካርቱም ለመውጣት ዐሥራ አንድ ቀን። የጎሬ ቡና በበቅሎ እየተጫነ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ እዚህ ይከማች፣ ጨውና አቡጀዲ ከመርከብ ይራገፍ ነበር። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ቡናው ቀስ በቀስ በመኪና መንገድ ወደ ሌላ ሄደ፤ ኋላ መርከቡም ቀረ። “ትልቁ ቀረ፣ ትንሹ ታንኳ ግን አልቀረም። እናቴ ነገ በታንኳ ነው የሚመጡት” አለ።

የልጅ ልጄ የወንዙን አወራረድ በጣቷ ድልድዩ ብረት ላይ እየሣለች ታስጠናን ጀመር። ባሮ ድንበሩ ጋ ከፒቦር ይገናኛል፣ ሶባት ይባላል፤ ሶባት ነጭ አባይ ውስጥ ይገባል፤ ነጭ አባይና ከጣና የሚወጣው አባያችን ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። “እማማ ባሕር ዳር ነው የተወለድሽው አይደል? እንግዲያው ውኃችሁ ካርቱም ላይ ይተዋወቃል” አለችኝ። አባቷ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ውኃው ከኛ ቀድሟል ማለት ነው።

ባሕር ዳር ስትል ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ በገበያ ቀን ከዘጌ በኩል ማገዶ የጫነ የደንገል ታንኳ በጣና ላይ ሲመጣ ዳር ቆመን እናይ ነበር። ያን ታንኳ አስረው የሚሠሩት ወይጦዎች ነበሩ። ዓሣቸውን እንገዛለን፣ ታንኳቸውን እንሳፈራለን፣ ቤታቸው ገብተን ውኃ አንጠጣም። “ጉማሬ ይበላሉ” ይባል ነበር። አንድ ቀን አንዲት እኩያዬ የወይጦ ልጅ የተጠበሰ ዓሣ ከእጇ ብትሰጠኝ፣ እናቴ ነጥቃ ወደ ሐይቁ ወረወረችው። የልጅቷ ፊት ከስልሳ ዓመት በኋላ ባሮ ድልድይ ላይ መጣብኝ።

በማግስቱ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ነበርን። ሙቀቱ ሳይበረታ ነው ገበያው። ካይ ራንግን ለምትጠብቅ ልጅ መጀመሪያ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ሰፊ አሸዋ፣ ጥቂት ሴቶች፣ የሚያዛጋ ውሻ። ከዚያ ከወንዙ መታጠፊያ በኩል አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ። ሁለተኛ መጣ። ሦስተኛ። እያንዳንዱ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ታንኳ ነው፤ ከኋላ የቆመው ሰው ረጅም እንጨት ወንዙ ወለል ላይ እየተከለ ይገፋዋል። ጠርዙ ከውኃው አንድ ስንዝር እንኳ ከፍ አይልም። እኛ ጣና ላይ የደንገሉ ታንኳ ሲርስ እንጨነቃለን፤ ይኼ ግን ሰው ቆሞበት፣ ሸክላ ተደርድሮበት፣ ዓሣ ተከምሮበት፣ ፍየልም ታስሮበት ይሄዳል።

ገበያው የሚጀምረው ታንኳው አሸዋ ሳይነካ ነው። ገዢዎቹ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ይገባሉ። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይመርጣል። ለምግብ ቤት የሚገዙት ትልልቁን ናይል ፐርች ይሻማሉ፤ ቸርቻሪዎቹ አምባዛውንና ቆሮሶውን በእስር በእስር ይወስዳሉ። ዓሣው በጉንጩ በኩል በሣር ገመድ ተሰክቶ ነው የሚሸጠው። የደረቀና የተጠበሰ ዓሣ ለብቻው፣ በቆሎና ማሽላ በጆንያ፣ ባሚያ፣ ዱባ፣ ሣርና ማገዶ፣ የአኙዋክ ሴቶች የሚሠሩት ሸክላ። አሸዋው ላይ ከወጣችሁ ደግሞ ሌላ ገበያ ነው፤ የኑዌር ሴቶች ወተት ይዘው ተቀምጠዋል፣ ከጫካው አገር የመዠንግር ማር መጥቷል፣ ከደጋ የወረደ ሽንኩርትና ቡና አለ። ሰው በሦስትና በአራት ቋንቋ ነው የሚከራከረው፤ ዋጋ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ወደ አማርኛ ቁጥር ይመለሳሉ። አንድ ትልቅ ሰው በአንድ እግሩ ብቻ ቆሞ ከረጅም ጦሩ ላይ ተደግፎ ይህን ሁሉ ያያል፤ የሚሸጠውም የሚገዛውም ነገር አልነበረም።

አማቼ ከልጁ ጋር ወደ ውኃው ዳር ሲሄድ እኔ ለጉዳዬ ዞር አልኩ። ጨሌ የሚሸጡ ሁለት ሴቶች አገኘሁ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሁሉም ፕላስቲክ። ከመሐረቤ ቋጠሮ አንዷን ሰማያዊ አውጥቼ አሳየሁ። ሴቲቱ አየችኝ፣ ጨሌዋን አየች፣ እንዳልነካት እጇን ሰበሰበች።

አጠገቧ ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች። በአነጋገሯ ወሎዬ ናት። በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከመጡት ናት፤ ስትመጣ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አኙዋክኛውን እንደ አፍ መፍቻዋ ነው የምትናገረው። “እትዬ፣ ይኼንን ከየት አገኙት?” አለችኝ።

“የልጄ ጥሎሽ ነው። ጥቂት ጎደለብኝ፣ ልሙላው ብዬ ነው።”

በእጇ አፏን ያዘች። “ኧረ እትዬ! ይኼ ይሸጣል እንዴ? ዲሙይ ነው እኮ። ድሮ የመጣ ነው፣ አሁን የሚሠራው የለም። ልጃገረድ ስትዳር ቤተሰቦቿ ይቀበሉታል። ከዚያ ወንድሟ ሲያገባ ያንኑ ለሚስቱ ወላጆች ይሰጣል። እነሱም ለልጃቸው። እንዲህ ሲዞር ነው የኖረ። አሁን ገንዘብም ከብትም ይሰጣል፣ ግን ይኼ ያለው ቤት አለው ነው የሚባል።” ሻዩን ቀዳችልኝ። ሂሳቡን ልከፍል ስል እምቢ አለች። ያዘነችልኝ ይመስለኛል።

ዋንጫዬን እንደያዝኩ “እማማ! እማማ! መጡ!” የሚል ጩኸት ሰማሁ።

የአማቼ እናት ታንኳው መካከል በጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉራቸው የነጣ ሴት ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ይገፋል። ልጃቸውን አዩት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የልጅ ልጃቸውን አዩ፤ ይህችን ከሦስት ዓመቷ ወዲህ አላዩአትም። ዘልለው ይወርዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልወረዱም። ገዢዎች ታንኳውን ከበውት ነበርና መጀመሪያ ገበያቸውን ጀመሩ። ገበያ እንግዳን አይጠብቅም፤ ይኼን እኔም አውቃለሁ፣ በልቤም አከበርኳቸው።

የልጅ ልጄ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ገባች። “አዞ!” ብዬ ጮህኩ። እዚህ ወንዝ አዞ እንዳለ ሰምቻለሁ። ዙሪያዬን ያሉት ሴቶች ሳቁብኝ፤ አማቼ “ይህን ያህል ሰው ባለበት ቦታ አይመጣም” አለኝ። አያቷ አንድ እስር ቆሮሶ አንስተው በረጅም ሸንበቆ ጫፍ አሰሩና ለልጅቷ ሰጧት፣ ከፍ አድርጊ በሚል ምልክት። ሁለት እጇን ዘርግታ ከራሷ በላይ አነሳችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ “እማማ! እንደ ቬትናሙ! እኔ ቀርከሃው ነኝ!” ብላ ጮኸች።

ከአባቷ የስልክ ጥሪ የለቀመችው አኙዋክኛ አላት፤ ሰላምታውን፣ ቁጥሩን፣ “ነይ”ና “ብላ”ን ታውቃለች። “ዴሪቾ” ትላለች ለመጣው ሁሉ፣ በፈገግታ ይመልሱላታል። አንዲት ወፍራም ቸርቻሪ መጥታ ልጅ መሆኗን አይታ ዋጋውን በግማሽ ጣለችባት። ልጅቷ ግራ ገባትና ልትሰጣት ዘንበል አለች። እኔ ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ጫማዬን እንዳደረግሁ ውኃው ውስጥ ገባሁና “አይቀነስም! ትኩስ ነው፣ ዓይኑን እዩት እስቲ! አይቀነስም!” አልኩ። በመርካቶ ድምፄ። ሴቲቱ ደነገጠች። የአማቼ እናት ታንኳው ላይ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩኝ። ከዚያ ሌላ እስር አንስተው፣ ለእኔም ሰጡኝ።

ስንሸጥ አረፈድን። አምባዛው አለቀ፣ ቆሮሶው አለቀ፣ ከሸክላው ሁለት ቀረ። አማርኛቸው የገበያ ነው፤ “ጨምሪ”፣ “ተይ”፣ “ሂጂ” ይላሉ፣ ቁጥር ያውቃሉ። ለእኔም ይኼው በቂ ነበር። የመጨረሻውን ሂሳብ ተቀብለው፣ ብሩን በጨርቅ ቋጥረው ሲያበቁ ነው ከታንኳው ወርደው ያቀፉኝ። የጭስና የዓሣ ሽታ ነበራቸው። እኔም በዚያን ሰዓት ያው ነበርኩ።

ከወንዙ ዳር ማንጎ ሥር ተቀመጥን። አማቼ መካከላችን ተቀምጦ ያስተረጉማል። ልጅ ሳለ ደብተርና እርሳሱ ከዚሁ ታንኳ እንደወጣ ነገረኝ፤ ለትምህርት ቤት የሚፈለግ ነገር ሲኖር እናቱ “ስንት አምባዛ ይሆናል?” ብለው ይጠይቁት ነበር አለ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አንሶላና ብርድ ልብሱን የገዙት ለሁለት ወር ደረቅ ዓሣ አጠራቅመው ነው። ይኼን ሁሉ እሳቸው አላሉም፤ እሱ ነው ያለው። እሳቸው እግሬን እያዩ ጫማዬ ተበላሸ ወይ ብለው ነው የሚጠይቁኝ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። አማቼ ሰምቶ ዝም አለ፤ አላስተረጎመልኝም። የልጅ ልጄ ግን “ዲሙይ” የሚለውን ቃል ሰምታ ነበር። “ስለ ጨሌው ነው! የአሻንጉሊቴ!” አለች፣ በአማርኛም በአኙዋክኛም እየቀላቀለች፣ በሁለት ጣቷ አንገቷን እያሳየች።

አማቼ መሬት መሬት ያይ ጀመር። “ታውቅ ነበር?” አልኩት።

“አሻንጉሊቷ አንገት ላይ አይቼዋለሁ” አለ። አምስት ዓመት ሙሉ ማለት ነው፤ አንድ ቀን አልተነፈሰም።

መሐረቤን ፈትቼ ዐሥራ ዘጠኙን ፍሬ ጉልበቴ ላይ ዘረገፍኩ። “ንገርልኝ” አልኩት። “ሳትቀንስ ንገርልኝ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ማወቅም አልፈለግሁም። ጠበል ረጨሁበት፣ ቁልፍ ውስጥ ጨመርኩት፣ ጠፋ። ሌላ ገዝቼ ላታልልህ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት፣ እዚሁ ገበያ።” ጠበሉን ሲያስተረጉም ትንሽ ተቸገረ።

እናቱ ዝም ብለው አደመጡ። አንድ በአንድ አንስተው ወደ ብርሃኑ እያደረጉ አዩአቸው። የሴት ልጃቸው፣ የአማቼ እህት፣ ስትዳር የገባ ነው። ከዚያ በፊት የሌላ ሰው ልጅ ጋብቻ ላይ ነበር፤ የማን እንደሆነ ስም እየጠሩ ይቆጥሩ ጀመር፣ አማቼም ሁሉን አላስተረጎመልኝም። ፊታቸውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። የተቆጡ መሰለኝ፤ የተቆጡም ይመስለኛል። መብታቸው ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁ። አማቼ ፈገግታውን እየታገለ “የልጅዎ ወንድም በዚህ ሚስት አገባ ወይ ይላሉ” አለኝ።

ወንዱ ልጄ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ካናዳ ነው ያለው። አግባ ብዬ ያልለመንኩበት፣ ያልተሳልኩበት ታቦት የለም።

“አላገባም” አልኩ።

ሴትዮዋ ምላሳቸውን ጠጥተው አጨበጨቡ፤ ልክ እኔ እንደማደርገው። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገሩ። አማቼ ሲያሳጥረው፣ “ታዲያ ቁልፍ ውስጥ ከተቀመጠ እንዴት ያግባ” ነው ያሉት። በዙሪያው ያሉት ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ዕንባዬም መጣ፣ የቱ እንደቀደመ አላስታውስም። ዐሥራ ዘጠኙን መልሰው መሐረቤ ውስጥ ቋጠሩልኝ። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቁት። “ፈልጊ በላት። ጨሌ ከቤት አይወጣም፣ ይደበቃል እንጂ” አሉ። መውጣቱንማ ይወጣል፣ ከቆሻሻ ጋር፤ ግን አልተከራከርኳቸውም።

ስንመለስ አንድ ፌስታል ሙሉ የደረቀ ዓሣ ሰጡኝ። ሽታው አውሮፕላኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ወደኔ እስኪዞር ድረስ ነበር። ጭኔ ላይ አድርጌው መጣሁ። ጎረቤቴ በር ላይ አግኝታኝ “ምንድን ነው እሱ?” አለች አፍንጫዋን ይዛ። ማታ ወጥ ሠርቼ አቀረብኩላት፤ ሁለት ጊዜ ጨመረች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም የለውም። ከማቀዝቀዣው ሥር አንድ ተገኘ። ከአልጋዬ እግር አጠገብ፣ ምንጣፉ ከግድግዳው በሚገናኝበት፣ ሁለት። ትናንት ደግሞ የልጅ ልጄ የስፌት መኪናዬን መሳቢያ ስትበረብር አንድ አወጣች፤ ሃያ ሦስት ሞሉ። በአዲስ ክር ሰክተናቸው፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተን ፎቶ አንስተን ወደ ጋምቤላ ላክን። ማታ ስልክ ተደወለ። አማቼ ሰምቶ ሰምቶ ስልኩን ከጆሮው ነጠለና ወደኔ ዞረ።

“ሶፋውን ገልብጣችሁታል ወይ ይላሉ።”

አልገለበጥነውም። ከባድ ነው፤ እሑድ ሰው እንጠራለን።